ቁልፉ እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አጠገብ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ከፍቻለሁ። አዲስ ብራንድ ዴስክቶፕ ገዛሁ። አንድ ልጅ «ላስተካክልልሽ» ብሎ ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ ጫነልኝ። አሁን ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ግዙፍ ሆኗል። ድምፅ የለውም። የኔትወርክ ገመድ ስሰካ አያውቀውም። ጥግ ላይ «አክቲቬት ዊንዶውስ» ይላል። ሲዲ አብሮት አልመጣም። ሪከቨሪና ድራይቨር ከየት ላምጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማሽኑን ሳላየው ልገምት። ኮምፒውተርሽ ምንም አልሆነም። የጎደለው ድራይቨር ነው፤ ዊንዶውስ ስክሪኑን፣ ድምፁን፣ ኔትወርኩን የሚያዝበት ፕሮግራም። ከፋብሪካ ዊንዶውስ ሆም ተጭኖበት መጥቷል። ልጁ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍሎች) ሁሉ ጠራርጎ፣ በኪሱ ይዞት በሚዞረው ፍላሽ ፕሮ የተባለውን ሌላ ዓይነት ዊንዶውስ ጫነበት። ከጠረጋቸው መካከል የፋብሪካው ሪከቨሪ (ማሽኑን እንደ አዲስ የሚመልሰው ፋይል) የተቀመጠባት ትንሿ ክፍል አለች። ሲዲ ያልመጣው ለዚህ ነው፤ «ሲዲው» እዚያው ዲስኩ ውስጥ ነበር።

የጠቆመኝ የጥጉ ጽሑፍ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በብራንድ ማሽኖች ላይ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተጽፎ ይመጣል። የሆም ቁልፍ ደግሞ ፕሮን አይከፍትም። ትክክለኛውን ሆም ስትጭኚ ራሱ አንብቦት፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ዝም ብሎ አክቲቬት ይሆናል። ክራክ ልጫንልሽ የሚል ቢመጣ ሻይ ጋብዘሽ ሸኚው። ካርቶኑ ላይ «ፍሪዶስ» (ያለ ዊንዶውስ የተሸጠ ማለት ነው) የሚል ካለ ግን ግምቴ ስቷል፤ ያኔ ፈቃዱን መግዛት ነው።

ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር፦ የፋብሪካው ፕሮግራም «ባዮስ አፕዴት አለ» ይልሻል። ባዮስ ማሽኑን የሚያስነሳው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) እንዳትነኪው። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ድንጋይ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው። የደንበኛ ጽሑፍ እዚያ ማሽን ላይ ካለ መጀመሪያ ገልብጪ፤ ሪከቨሪ ሁሉንም ያጠፋል። ከዚያ ከሳጥኑ ጀርባ ወይም ጎን ያለውን ሴሪያል ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ዴል ከሆነ «ሰርቪስ ታግ» የሚባለው ባለ 7 ሆሄ ነው። ኤችፒ ከሆነ «ፕሮዳክት አይዲ» የሚለውንም አብረሽ አንሺ። ኤችፒም፣ ዴልም፣ ሌኖቮም በእነዚህ ቁጥሮች የማሽኑን ሪከቨሪ አውርዶ ፍላሽ ላይ የሚጽፍ ነፃ ፕሮግራም ድረ ገጻቸው ላይ አላቸው። ድራይቨሩ አብሮ ስለሚመጣ ድምፁም ስክሪኑም በአንዴ ይስተካከላል። ፋይሉ ብዙ ጊጋ ነው፤ ያልተገደበ ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ፈልጊና ማታ አውርጂ።

ፍላሹ 32 ጊጋ ይሁን። መንገድ ዳር የሚሸጠውን አትመኚ። 64 ጊጋ ተብሎ ተገዝቶ ውስጡ 4 እንኳ የማይሞላ ስንት አይቻለሁ። ሲገለብጥ «ጨርሻለሁ» ይላል፤ ስትከፍችው ፋይሉ የለም። እስኪሞላ ድረስ ትልልቅ ቪዲዮ ገልብጪበትና ሁሉም እስከ መጨረሻው መጫወታቸውን ፈትኚ።

ለሞዴልሽ ሪከቨሪ ካልተገኘ የማይክሮሶፍትን ዊንዶውስ 11 በ8 ጊጋ ፍላሽ አዘጋጂ፤ ነፃ ነው። ድራይቨሩን ደግሞ በዚያው ሴሪያል ከፋብሪካው ገጽ አውርጂ፦ መጀመሪያ ቺፕሴት፣ ከዚያ ኔትወርክ፣ ግራፊክስ፣ ድምፅ። ስትጭኚ ዲስኩ ካልታየሽ አትደንግጪ። አዳዲስ የኢንቴል ማሽኖች «ሎድ ድራይቨር» በሚለው በኩል የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር ይፈልጋሉ። ይህን ሳያውቁ «ዲስኩ ተቃጥሏል» ብለው ሌላ የሚሸጡ አሉ፤ ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው።

ኔትወርክ ሳይኖር የኔትወርክ ድራይቨር እንዴት ይወርዳል? ስልክሽን በቻርጀር ገመዱ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኪና ሴቲንግ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» አብሪ። አንድሮይድ ከሆነ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀር (ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የዕቃዎቹ ዝርዝር) ውስጥ ቢጫ ምልክት ከቀረ፣ እኔ የምወደው ጨዋታ እዚህ ነው። ምልክቱን በቀኝ ተጫኚ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ ከዚያ «ሃርድዌር አይዲ» የሚለውን ምረጪ። ረጅም ጽሑፍ ይወጣል። ልክ እንደ ባጃጅ ታርጋ አንብቢው። በነባሩ ታርጋ ላይ «አማ» ስታዪ የየት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ቁጥሩ ደግሞ የትኛው ባጃጅ እንደሆነ ይነግርሻል። እዚህም «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያለው የሠሪው ነው፤ «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው የዕቃው። 8086 ካየሽ ኢንቴል ነው። ቁጥሩን የመረጡት በ1978 ባወጡት ዝነኛ ፕሮሰሰራቸው ስም ነው፤ እስከ ዛሬ ብዙ ዕቃቸው ላይ አለ። 1002 ካየሽ ኤኤምዲ። 10 ብሎ ኢ እና ሲ ፊደላት ከተከተሉ ሪልቴክ ነው፤ የዴስክቶፕ ኔትወርክ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ዕቃው ስሙን ቢደብቅም ታርጋው አይዋሽም። ሁለቱን ቁጥር ይዘሽ ስትፈልጊ ስሙ ይወጣል፤ ድራይቨሩን ግን ከሠሪው ገጽ ብቻ አውርጂ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ» የሚሉት ፓኬጆች ከአንድ ድራይቨር ጋር አምስት ማስታወቂያ ይጭኑብሻል።

ሁሉም ሲስተካከል «ክሬት ኤ ሪከቨሪ ድራይቭ» ብለሽ ፈልጊና በሌላ ፍላሽ የራስሽን አዘጋጂ። ፕላስተር ለጥፈሽ ስሙን ጻፊበት። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እንዳትገለብጪበት!

ባዮሱን የግድ ማደስ ካለብሽ፣ አሁንም እላለሁ፣ ያለ ዩፒኤስ አይሆንም። ዩፒኤሱንም ፈትኚው፦ ምንም ሥራ ሳይከፈት፣ ማሽኑ በርቶ ሳለ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳ ንቀይው። ማሽኑ አብሮ ከጠፋ ባትሪው ሞቷል፤ ያ ዩፒኤስ ሳይሆን ማከፋፈያ ነው። ደመና በጣና በኩል ሲጠቁርና መብረቅ ሲጀምርም ባዮስ አይነካም፤ ዩፒኤስ ቢኖርም።

ሌዘር ፕሪንተርሽን ግን ዩፒኤሱ ላይ እንዳትሰኪ። ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብዙ ስለሆነ ዩፒኤሱን ይጥለዋል። እሱ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ።