ጥያቄና መልስ፦ ከልጅ ጋር በትንሽ ገንዘብ ሰዓት መሰብሰብ

ከልጆቻቸው ጋር የእጅ ሰዓት መሰብሰብ የጀመሩ ወይም ሊጀምሩ ያሰቡ አንባቢያን ጥያቄዎች ልከውልናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ሰዓት በጣም ይወዳል። አብረን መሰብሰብ ብንጀምር ደስ ይለኛል፤ ግን ለዚህ የማወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። በየትኛው ልጀምር? ስንትስ ይበቃናል?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሰዓት ይበቃል። ሦስቱ ግን በአሠራራቸው የተለያዩ ይሁኑ፦ አንዱ ዲጂታል፣ አንዱ ቆጣሪ ያለው የባትሪ ሰዓት፣ አንዱ ደግሞ በሞላ የሚሠራ። ብዙ ወላጆች በቀለም ብቻ የሚለያዩ፣ ውስጣቸው አንድ ዓይነት የሆነ አምስት ስድስት ርካሽ ሰዓት ይገዛሉ። ልጁ ሁለተኛውን ካየ በኋላ የሚጠይቀው ነገር ስለማይኖረው ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል።

ለዲጂታሉ ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው ተመራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ወጥቶ እስካሁን ብዙም ሳይለወጥ ይመረታል። ክብደቱ 21 ግራም፣ ከላይ እስከ ታች ርዝመቱ 38.2 ሚሊሜትር ስለሆነ ትንሽ እጅ ላይም ይቀመጣል። ባትሪው 7 ዓመት ገደማ ይቆያል፤ ፋብሪካው የሚሰጠው የመዛነፍ ወሰን በወር 30 ሰከንድ ነው። ፎርጅዱ ብዙ ስለሆነ ከመክፈልዎ በፊት በስተቀኝ ያለውን ቁልፍ ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። በዋናው ላይ የኩባንያው ስም በላቲን ፊደል ይመጣል። ካልመጣ አይግዙት። ይህንን የሚያስመስሉ ፎርጅዶችም ስላሉ የኋላ ክዳኑ ጽሑፍ ጥርት ያለ መሆኑን፣ ቁልፎቹም ሲጫኑ የማይወላከፉ መሆናቸውን ይመልከቱ።

ሁለተኛው፣ ባለቆጣሪው የባትሪ ሰዓት፣ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ የተጻፉበት፣ እያንዳንዱ ደቂቃም በመስመር የተለየበት ይሁን። ይህ ሰዓት ለልጅ የሚሰጠው ትልቅ ነገር አለ። በውስጡ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ቁራጭ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ልጅዎ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይህንን ቁጥር ለሁለት ያካፍል፣ የደረሰበትን እንደገና ለሁለት፣ እንዲህ እያለ ይውረድ። በ15ኛው ማካፈል 1 ላይ ይደርሳል። ሰዓቱ ውስጥ ያለው ሰርኪዩት የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ በመጨረሻ የቀረችው በሰከንድ አንድ ምት ቆጣሪውን ትገፋዋለች። ልጁ ይህንን በእጁ ካሰላ በኋላ የሰከንድ ቆጣሪው ለምን እየዘለለ እንደሚሄድ ማስረዳት አያስፈልግዎትም። በዚህ ዘዴ የሠራው የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ሲሆን፣ ያወጣው ሴይኮ ነው።

በሞላ የሚሠራው ሰዓት በመጨረሻ ይምጣ፤ ገንዘብም ጥንቃቄም የሚጠይቀው እሱ ነው። ለልጅ ከአውቶማቲክ፣ ማለትም በእጅ ላይ ሲወዛወዝ ራሱን ከሚሞላው ይልቅ፣ መሙያውን በጣት እያዞሩ የሚሞሉትን እናስቀድማለን። ጠዋት ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ይሞላዋል፣ እየጠነከረ ሄዶ እምቢ ሲለው ያቆማል። ሳይሞላው የረሳ ቀን ሰዓቱ ይቆማል፤ ይህም ያለማንም ቁጣ ኃላፊነት ያስለምደዋል።

ሁለት ነገር እንጨምር። ካሰቡት ገንዘብ ሲሶውን ሰዓት አይግዙበት፤ ለማሰሪያ፣ ለባትሪ፣ ለትንሽ ካቻቪቴና ለፒን ማውጫ ያስቀሩት። እንዲሁም ከግዢ በፊት የልጁን አንጓ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ስፋቱን በማስመሪያ ይለኩ። የሰዓቱ ርዝመት፣ ማሰሪያው ከሚታሰርባቸው ጫፎች አንዱ እስከ ሌላው ድረስ ሲለካ፣ ከዚያ ስፋት መብለጥ የለበትም። የበለጠ ከሆነ ሰዓቱ ይዞራል፣ ከበር ጋርም ይጋጫል።

ጥያቄ፦ ሴይኮ 5 የተባለ ያገለገለ አውቶማቲክ ሰዓት በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ለ12 ዓመቷ ልጄ ላደርገው አስቤያለሁ። ደህና መሆኑን ሳልከፍተው በምን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፊቱን ይመልከቱ። ማሽኑ ሊጠገን ይችላል፤ የተበላሸ ፊት ግን አይመለስም። በርካሽ ከሚቀርቡት የሴይኮ 5 ሰዓቶች ብዙዎቹ ፊታቸው እንደገና የተቀባ ነው። በአጉሊ መነጽር፣ እሱ ከሌለ በስልክ ካሜራ አቅርበው ጽሑፉን ያንብቡ። የፊደሎቹ ጠርዝ የደፈረሰ፣ መስመራቸው የተንጋደደ፣ ወይም ቀለሙ ወደ ቀንና ዕለት መስኮቱ ጠርዝ የፈሰሰ ከሆነ ተቀብቷል። ፊቱ ደማቅ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ቀፎው የተፋቀና ያረጀ ከሆነም ይጠርጥሩ። የተቀባ ሰዓት መግዛት ወንጀል አይደለም፤ ዋጋው ግን እንደ ተቀባ ሰዓት ዋጋ መሆን አለበት።

ከዚያ ወደ ማሽኑ ይሂዱ። በብዙ ሴይኮ 5 ውስጥ ያለው 7ኤስ26 የሚባለው ማሽን በመሙያው አይሞላም፤ መሙያውን ማዞር ምንም ስለማያደርግ «ተበላሽቷል» ብለው እንዳይመልሱት። ሰዓቱን አግድም ይዘው ግራና ቀኝ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያወዛውዙት፤ የሰከንድ ቆጣሪው መነሳት አለበት። ይህ ማሽን በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ በሰከንድ 6 ማለት ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ተንሸራቶ የሚሄድ ይመስላል። በሰከንድ አንዴ ብቻ የሚዘል ከሆነ «አውቶማቲክ» ቢባልም ውስጡ ባትሪ ነው።

ጆሮዎ አጠገብ አድርገው በዝግታ ያዙሩት። ውስጡ ያለው፣ ሰዓቱን የሚሞላው ክብደት ሲዞር ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰማል። የሚፈጭ ወይም የሚያንኳኳ ድምፅ ከሰሙ የክብደቱ መሸከሚያ አልቋል፣ አለዚያም ብሎን ወልቆ ውስጥ ይንከባለላል። ቀኑን ለመሞከር ሁለቱንም ቆጣሪዎች ወደታች፣ 6 ተኩል ላይ አድርጓቸው፣ ከዚያ መሙያውን አንድ ደረጃ ብቻ ስበው ያዙሩ። ቀኑ በሚቀየርበት ሰዓት አካባቢ፣ ማለትም ቆጣሪዎቹ ከ9 እስከ 4 ባለው ላይ ሲሆኑ፣ ቀን ማስተካከል አይገባም፤ ጥርሶቹ ተያይዘው ስለሚቆዩ የቀን መቀየሪያው ጥርስ ሊሰበር ይችላል። ይህንን ለልጅዎም ከመጀመሪያው ቀን ያሳዩዋት።

ሻጩ ከፈቀደ አንድ ቀን ሙሉ ይፈትኑት። በዚህ ዋጋ በቀን ግማሽ ደቂቃ መዛነፍ ጥሩ የሚባል ነው። እስከ አንድ ደቂቃ የሆነውን ሰዓት ሰሪ ሊያስተካክለው ይችላል። ከሁለት ደቂቃ በላይ የሚዘገይ ዘይቱ ደርቋል፤ የሙሉ እጥበት ወጪ ደግሞ ከሰዓቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ የዲጂታል ሰዓታችን ባትሪ አለቀ። ከልጄ ጋር ቤት ውስጥ መቀየር እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ ካሲዮው ለዚህ የሚመች ነው። ነገር ግን ባትሪውን፣ አዲሱንም አሮጌውንም፣ እርስዎ ብቻ ይንኩት። ሲአር2016 የሚባለው ባትሪ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው። ልጅ ቢውጠውና ጉሮሮ ላይ ቢቀር በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ ሰዓት የማያስኬድ ያለቀ ባትሪም ይህንን ያህል ጉልበት አለው። ልጅ መዋጡን ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ እንዲያስመልሰው አያድርጉ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱትና ራጅ ይነሳ። አሮጌውን ባትሪ ወዲያው በሁለቱም ፊት በፕላስተር ይጠቅልሉት። ታናናሽ ልጆችም ከጠረጴዛው ይራቁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠርዝ ያለው ትሪ ላይ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ። ከኋላ ያሉትን 4 ብሎኖች ልጁ ይፍታ፤ ትንሹን ባለመስቀል ካቻቪቴ ወደታች ጫን ብሎ ያዙር፣ ካልተጫነ የብሎኑ ራስ ይበላል። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አንሱ። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው ነገር ድምፅ የሚያስተላልፈው ሞላ ነው፦ በጣም ቀጭን፣ ከማሽኑ ቀዳዳ ላይ የቆመ፣ ክዳኑ ሲነሳ አብሮ ሊወጣ የሚችል። እሱ ከጠፋ ሰዓቱ ይሠራል፣ ደወሉ ግን ዝም ይላል።

ባትሪውን የያዘውን የብረት ማቀፊያ ከመንጠቆው አላቅቀው አሮጌውን ያውጡ፤ አዲሱን በላስቲክ ወረንጦ ይዘው አሮጌው በነበረበት ፊት ያስገቡት። የብረት ወረንጦ ሁለቱን ፊት ካገናኘ ባትሪውን ያደክመዋል። ማቀፊያውን ከመለሱ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይመጣል። ማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል «ኤሲ» የተባለች ትንሽ ነጥብ አለች። አሁን የብረት ወረንጦ ወስደው አንዱን ጫፍ ነጥቧ ላይ፣ ሌላውን በላይ በኩል በሚታየው የባትሪው ፊት ላይ አድርገው 2 ሰከንድ ያህል ይያዙ። ይህ ካልተደረገ መስኮቱ ባዶ ሊሆን ወይም የተዘበራረቀ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ብዙዎች «ባትሪው ፎርጅድ ነው» ብለው የሚጥሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የላስቲክ ቀለበቱን በቦታው አስተካክሉ፤ ትንሽ የሲሊኮን ቅባት ቢነካው ጥሩ ነው። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ተራ በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። ሲጠብቅ አቁሙ፤ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ የፕላስቲኩ ጥርስ ይሟሽሻል።

ብሎን የሌለውን፣ ተገፍቶ የሚዘጋ ክዳን ያለውን ባለቆጣሪ ሰዓት ግን ለሰዓት ሰሪ ይስጡት። መክፈቱ ቀላል ነው፤ መዝጋቱ ግን መጫኛ ይፈልጋል፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ 11 ዓመቴ ነው። አውቶማቲክ ሰዓቴ ደህና ነበር፤ ከትናንት ወዲህ ግን በየሰዓቱ ወደ ሁለት ደቂቃ ይቀድማል። አልወደቀብኝም። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ መግነጢስ ሳይዘው አልቀረም። በሰዓትሽ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የተጠቀለለ ሞላ አለ። መግነጢስ ሲይዘው ዙሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ሞላውም ያጠረ ያህል ይሆናል። ያጠረ ሞላ ፈጥኖ ይወዛወዛል፤ ለዚህ ነው የሚቀድመው። ትናንት ድምፅ ማጉያ ላይ፣ ወይም በማግኔት የሚዘጋ ቦርሳና የስልክ ሽፋን አጠገብ አስቀምጠሽው እንደነበረ አስቢ።

ለማረጋገጥ ኮምፓስ ጠረጴዛ ላይ አድርጊና ሰዓቱን በቀስታ አስጠጊው። መርፌው ተከትሎት ከዞረ አገኘሽው። ሰዓት ሰሪ ዘንድ መግነጢስ ማጥፊያ አለ፤ ሥራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ራሳችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ቁልፉን ተጭናችሁ ሰዓቱን በዝግታ እስከ አንድ ክንድ ርቀት አርቁት፣ ቁልፉንም ከዚያ ወዲያ ልቀቁ። ቅርብ ሳለ ከለቀቃችሁ መግነጢሱ እንደገና ሊይዘው ይችላል። የኮምፓሱ መርፌ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ሞላው ከቦታው ተዛብቶ ይሆናል፤ ያንን ሰዓት ሰሪ ብቻ ያስተካክለዋል።

ጥያቄ፦ ሰዓቱ ላይ «30 ሜትር ውኃ ይቋቋማል» ተጽፏል፤ ልጄ አንዴ ዋኝቶበት በመስታወቱ ውስጥ ጤዛ ያዘ።

መልስ፦ ጽሑፉ ጥልቀት ማለት አይደለም፤ ሰዓቱ አዲስ ሳለ በላቦራቶሪ ውስጥ የቻለውን ግፊት ነው የሚናገረው። 30 ሜትር ለእጅ መታጠብና ለዝናብ ይሆናል፣ 50 ሜትር ለአጭር ዋና፣ ለሚዋኝ ልጅ ግን 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ይግዙ። የላስቲክ ቀለበቱ በዕድሜ ስለሚደርቅ ያገለገለ ሰዓት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጨርሶ አይመኑ። ጤዛ የያዘውን ዛሬውኑ ያስከፍቱት፤ ማሽኑ በቀናት ውስጥ መዛግ ይጀምራል። ሩዝ ውስጥ መቅበር አይጠቅምም፣ ብናኝ ብቻ ይጨምርበታል።

ጥያቄ፦ የአባቴ የድሮ ሰዓት ቁጥሮቹ ላይ ቢጫ ቅባት አለ፤ ድሮ በጨለማ ያበራ ነበር ይላሉ። መስታወቱ ተሰንጥቋል። ለልጄ ስብስብ ላክለው?

መልስ፦ ለልጅዎ አይስጡት፣ ቤት ውስጥም አይክፈቱት። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ድረስ የሚያበሩ ሰዓቶች ራዲየም በተባለ፣ ጎጂ ጨረር በሚያወጣ ንጥረ ነገር ይቀቡ ነበር። ቀለሙ ማብራቱን ያቆመው ከራዲየሙ ጋር የተቀላቀለው ንጥረ ነገር ስላለቀ ነው፤ ራዲየሙ ራሱ ግን ግማሹ እስኪያልቅ 1,600 ዓመት ስለሚፈጅ ዛሬም እንዳለ ነው። ትልቁ አደጋ ተፈርፍሮ የሚወጣው ብናኝ በአፍንጫና በአፍ መግባቱ ነው። የርስዎ ሰዓት መስታወቱ ስለተሰነጠቀ በሚዘጋ የላስቲክ ከረጢት ያድርጉት፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ሰው ከማይተኛበት ክፍል ያስቀምጡት። ለሰዓት ሰሪ ሲሰጡም ራዲየም ሊሆን እንደሚችል አስቀድመው ይንገሩት፤ መፋቂያ ይዞ ቀለሙን እንዳይነካው።