ኮክሊያር ኢምፕላንት (በኦፕራሲዮን የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ) አስተክያለሁ፣ ጠይቁኝ

የድሬ ልጅ ነኝ። ጆሮዬ እየደከመ ሄዶ በ34 ዓመቴ ጆሮ ላይ በሚደረገው የመስሚያ ማዳመጫም ቃል መለየት አቃተኝ። ህንድ ሄጄ በቀኝ በኩል አስተከልኩ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ያኔ የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ ከማዳመጫ በምን ይለያል?

ማዳመጫ ድምፅ ያጎላል። የውስጥ ጆሮ ፀጉር መሰል ሴሎች ከሞቱ ግን ምን ቢጎላ ጩኸት ብቻ ነው። ኢምፕላንቱ እነሱን አልፎ የመስማት ነርቩን በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ከጆሮ ጀርባ ያለው ፕሮሰሰር ድምፁን ተቀብሎ፣ ጭንቅላት ላይ በማግኔት በምትለጠፈው ክብ ነገር በኩል ከቆዳ ሥር ወደተቀበረው ክፍል ይልካል።

ጥያቄ፦ ገና ሙከራ ላይ ነው ይባላል።

አይደለም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ግሬም ክላርክ ሜልበርን ላይ ባለብዙ ኤሌክትሮዱን ኢምፕላንት (ነርቩን የሚቀሰቅሱ ብዙ ጫፎች ያሉትን) ለአንድ ጎልማሳ የተከሉት በ1978 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፣ አልረፈደም?

እህቴ፣ ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም፣ በ80ዎቹም የሚያስተክሉ አሉ። ዋናው ስንት ዓመት ሳይሰሙ እንደቆዩ ነው፣ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። መጀመሪያ ጥሩ ማዳመጫ በደንብ ይሞክሩ። በርጫ ላይ ሰው ሲስቅ ሳይሰሙ አብረው የሚስቁ ከሆነ ግን ዝም ብለሽ አትያቸው፣ እኔም እንደዚያ ነበርኩና አውቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኦፕራሲዮኑስ?

በሙሉ ማደንዘዣ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሰዓት። እኔን ሳምንት ያህል አዞረኝ። በዚያ ጆሮ የተረፈች መስማት ካለች ልትጠፋ ትችላለች፣ ይህን አውቃችሁ ግቡ። የማጅራት ገትር መከላከያ ክትባት አትዝለሉ። በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራውን የኤምአርአይ ምርመራ ከመነሳታችሁ በፊትም ማግኔት እንዳለባችሁ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ ወዲያው ይሰማል?

አይሰማም አቦ! ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። የሚበራው ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ በሳምንታት ነው። የእኔ ሲበራ የእህቴ ድምፅ ጢጥ ጢጥ ብቻ ነበር፣ አለቀስኩ። ከዚያ በየማታው እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ መስመሩን በጣቴ እከተላለሁ፣ አንዳንዴ ተጣልተን እንተወዋለን፣ በማግስቱ እንደገና እንጀምራለን። ኦዲዮሎጂስቱ (የመስማት ባለሙያው) ጋ እየተመላለሱ ማስተካከልም አለ። በአራተኛው ወር ቀፊራ ማንጎ ገዝቼ ስሄድ ከኋላዬ «ወሪያ፣ መልስህን!» የሚል ሰማሁ። ከንፈሯን ሳላይ! ዞሬ ቆምኩ፣ ሴትዮዋ ብሩን ዘርግታ ትጠብቀኛለች፣ እኔ እጄን መዘርጋት ረሳሁ።

ጥያቄ፦ የድሬን ሙቀት ይችላል?

ጠላቱ ላብ ነው። ማታ አውልቄ፣ ጠርጌ፣ እርጥበት የሚመጥ እንክብል ካለበት ክዳናም ዕቃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። መብራት ስለሚጠፋ ትርፍ ባትሪ ከኪሴ አይለይም።

ጥያቄ፦ ዋጋውን ስንደራደር ምን እንጠይቅ?

የኦፕራሲዮኑን ብቻ አትጠይቁ። ፕሮሰሰሩን ከክቧ ነገር ጋር የሚያገናኘው ገመድ ሲበጠስ ስንት ነው? ፕሮሰሰሩ ዋስትናው ሲያልቅ ማን ይጠግነዋል? ለማስተካከያ ስንቴ ትመለሳላችሁ? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገብቼ ለአንዲት ገመድ አምስት ሳምንት ሳልሰማ ተቀምጫለሁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።