መሪው በአደጋ ቀን ያደረገውን መመዘን ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ጅማ ነው። በወር የጽዋ ማኅበራችን ላይ የጎፋው የመሬት ናዳ ተነሥቶ ተጣላን። አንዷ እኅት «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦታው ድረስ ሄደዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርጉ?» አለች። እኔ «ዘግይተው ነው የሄዱት፤ ደግሞስ መቅሠፍቱን ያመጣው የመሪዎች ኃጢአት አይደል?» አልኩ። አንድ አባት «የቀባኋቸውን አትዳስሱ ተብሏል፤ ስለ መሪ ማውራት ኃጢአት ነው» ብለው ገሠጹን። ከዚያ ወዲህ ከእኅቴ ጋር አንነጋገርም፤ መቁረብም ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ ያሳዘነኝ «መቅሠፍቱን ያመጣው የእነርሱ ኃጢአት ነው» ያልሽው ነው። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቀ፤ «አይደለም» ብሎም ራሱ መለሰ። ዳዊት በሕዝቡ ላይ ቸነፈር በወረደ ጊዜ «እኔ በድያለሁ፤ እነዚህ በጎች ግን ምን አደረጉ?» ያለው ስለ ራሱ ነው። ለእርሱም ይህን የሚነግረው ጋድ ነቢይ ተልኮለት ነበር። እኔና አንቺ በዚህ ነገር አልተላክንም። ቁልቁለቱ በዝናብ ርሶ ተናደ፤ ከዚህ አልፈን የሰማይን ምሥጢር እናውቃለን አንበል።

አባታችን የጠቀሱትን ደግሞ በትሕትና ልመልስ። መዝሙር 104ን ከፍ ብለሽ አንብቢው። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የተባለው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው፤ በሰው አገር በእንግድነት ስለሚንከራተቱ ጥቂት ሰዎች። ከዚያ ቀድሞ ያለው ቃል «ስለ እነርሱም ነገሥታትን ገሠጸ» ይላል። ቃሉ የተነገረው ለነገሥታቱ ነው፣ ደካማውን እንዳይነኩ። በእርግጥ ኦሪት «የሕዝብህን አለቃ አትርገመው» ትላለች፤ ስድብና እርግማን ክልክል ነው። ሥራን መመዘን ግን እርግማን አይደለም።

ወደ ጭቅጭቃችሁ እንምጣ። «ቦታው ድረስ ሄደዋል» እና «ዘግይተዋል» ስትባባሉ ሁለታችሁም የመዘናችሁት ጉዞውን ነው። አክዓብን አስቢው። በእስራኤል ዝናብ ጠፍቶ ረሃብ ሲጸና ንጉሡ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ራሱ በምድሪቱ ዞረ፤ አብድዩን በአንድ መንገድ ልኮ እርሱ በሌላው ሄደ። የሚያይ ሰው «እንዴት ያለ ትጉህ ንጉሥ ነው!» ይል ነበር። የሚፈልገው ግን ለፈረሶቹና ለበቅሎዎቹ ሣር ነበር። መጽሐፍ በዚያ ሁሉ ጉዞው ስለ አንዲት የተራበች መበለት እንኳ እንደ ጠየቀ አይነግረንም። ዮሴፍ ደግሞ የተመዘነው ገና ረሃቡ ሳይመጣ፣ በጥጋቡ ሰባት ዓመት አምስተኛውን እጅ ሲያስቀምጥ ነው።

በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በሐምሌ 2016 የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች በሁለተኛው ተቀበሩ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ200 አለፈ። (ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን ስለሚሰጥ የተነገረውን ባስተማርኩ ቁጥር እነዚያ ሰዎች ይመጡብኛል።) የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በቀናት ውስጥ ወደ ስፍራው ሄዱ። ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስ የተገባ ነው። እንባው ከልብ ነበር ወይ? ያንን እግዚአብሔር ብቻ ያያል፤ አንቺም ተዪው፣ እኅትሽም ትተወው። ከናዳው በፊት በገደሉ ሥር ለሚኖሩት ማን አስጠነቀቃቸው? የተረፉት አስተማማኝ መሬትና ቤት አገኙ? ወላጅ ያጡት ልጆች የት ናቸው? ይህ በዓይን ይታያል፣ በጆሮ ይሰማል፤ መጠየቁም ሐሜት አይደለም። «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በአገራችን ዝም ማለት ምን እንዳስከተለ የሚያውቁ አረጋውያን አሁንም አሉ። ወሎ በ1965 እና 1966 ሲራብ ወሬው ተሸፈነ። በመስከረም 1977 ደግሞ በወሎና በትግራይ ሰው እየረገፈ አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ተከበረ። ያን ጊዜ «እየተራብን ነው» ብሎ የተናገረ ሰው ኃጢአት ሠራ የሚል መምህር ካለ፣ እኔ አልስማማውም።

ስለዚህ ለንስሐ አባትሽ የምትናገሪው ጥያቄሽን አይደለም፤ «የእነርሱ ኃጢአት ነው» ብለሽ የፈረድሽውን ፍርድና በእኅትሽ ላይ የያዝሽውን ቂም ነው። በቅዳሴ ስለ መሪዎች ሲጸለይም ከልብሽ ጸልዪ። በጸሎትሽ የምትይዢውን ሰው በሥራው መመዘን ትችያለሽ፣ መጥላት ግን ይከብድሻል።

ለማኅበራችሁም አንድ ነገር ልበል። በሮማው ቄሣር በቀላውዴዎስ ዘመን ረሃብ እንደሚመጣ ነቢዩ አጋቦስ በተናገረ ጊዜ የአንጾኪያ ምእመናን ቄሣሩ ምን እንደሚያደርግ አልጠበቁም፤ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጥቶ በበርናባስና በሳውል እጅ ወደ ይሁዳ ላከ። የአዌቱ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ዳር ዳሩን ያሉት ቤቶች እንደሚሰጉ ታውቃላችሁ። በሚቀጥለው ጽዋ ዝክሩን ቀለል አድርጋችሁ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም ሳትለዩ፣ የማን ግድግዳ እንደ ዘመመ ሄዳችሁ ብታዩስ? ከእኅትሽ ጋር ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

መቁረቡን በተመለከተ፦ መባሽን በመሠዊያው ፊት ተዪና አስቀድመሽ ታረቂ ተብሏል። እርሷ እስክትመጣ አትጠብቂ። ከእሑድ በፊት ቤቷ ሂጂ፣ ቡና አፍሉ፣ ይቅር ተባባሉ፤ ከዚያ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።