የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በየቀኑ ጥቂት መሥራት በራስ መተማመንን እንዴት ያሳድጋል?

ጥያቄ፦ «በማለዳ መነሣት፣ ስፖርት መሥራት፣ በቀን 30 ገጽ ማንበብ ብዬ ዕቅድ አወጣለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ይቀራል። ይህ ስለተደጋገመ ራሴን ማመን አቅቶኛል። ችግሬ የፍላጎት ማነስ ይሆን?»

መልስ፦ አይደለም። ፍላጎት ባይኖርዎት ደጋግመው ባልጀመሩ ነበር። ያስቸገረዎት ሦስቱን በአንድ ላይ መጀመርዎና መጠናቸውን በደህና ቀን ጉልበት መለካትዎ ነው። ዕቅድ የሚወጣው አርፈው በተነቃቁበት ሰዓት ነው፤ የሚፈጸመው ግን እንቅልፍ ባጡበት፣ ሥራ በተደራረበበት ቀንም ጭምር ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡና መጠኑን በመጥፎ ቀንዎ ይለኩት። 30 ገጹ 2 ገጽ፣ የግማሽ ሰዓቱ ስፖርት 5 ጊዜ ቁጭ ብድግ ይሁን። ማነሱ ካሳፈረዎት ልክ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ መነሻ ይስጡት። «በየቀኑ አነባለሁ» የሚል ዕቅድ መቼ እንደሚጀመር ስለማይናገር በየምሽቱ ከራስ ጋር ያከራክራል። «ማታ ጥርሴን ቦርሼ እንደጨረስኩ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ 2 ገጽ አነባለሁ» ካሉ ግን ክርክሩ ያበቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ እንዲሁ ከመወሰን ይልቅ ሰውን ለተግባር እንደሚያበቃ አሳይቷል። መነሻው በየቀኑ የማይቀርና ማብቂያው በግልጽ የሚታወቅ ይሁን። «ከሥራ ስመለስ» የሚለው ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ለዚህ ነው፤ ጫማ ሲያወልቁ ነው ወይስ ከእራት በኋላ? መጽሐፉን ጠዋት ትራስዎ ላይ አስቀምጠው ይውጡ፤ ስልኩ ማታ ሌላ ክፍል ይደር።

ሳይጎተጎቱ መጀመር ሲችሉ መጠኑን በጥቂቱ ይጨምሩ። ሆኖም 5 ገጽ ከደረሱ በኋላም በከባድ ቀን 2 ገጽ ማንበብ እንደ ሙሉ ይቆጠርልዎ።

«ልማድ ለመያዝ 21 ቀን በቂ ነው» ሲባል ሰምተው ከሆነ አይመኑት። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባልደረባ የነበረችው ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ነበር። ልማዱ ሳይታሰብበት ወደሚደረግበት ደረጃ ለመድረስ የወሰደው ጊዜ መሃለኛው 66 ቀን ሲሆን፣ እንደ ሰዉና እንደ ተግባሩ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል ብለው ገምተዋል። በ22ኛው ቀን አሁንም ከከበደዎት ምንም አልተበላሸም።

ጥያቄ፦ «ስብሰባ ላይ ሐሳብ እያለኝ ዝም እላለሁ። በራስ መተማመኔ ቢስተካከል እናገር ነበር። በየቀኑ ምን ልለማመድ?»

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፤ መናገሩ ይቀድማል፣ መተማመኑ ይከተላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው፣ «እችላለሁ» የሚል እምነት ዋናው ምንጩ ራስ ሠርቶ ማየት ነው። እንደ እኛ ያለ ሰው ሲችል ማየት፣ የሌሎች ማበረታቻና የሰውነት ስሜት ይረዳሉ እንጂ እሱን አይተኩም። መስተዋት ፊት ቆሞ «ጎበዝ ነኝ» ማለት ብቻውን የማይዘልቀውም ለዚህ ነው። ዝም ባሉ ቁጥር ደግሞ ፍርሃቱ ወዲያው ቀለል ይላል፤ ያ እፎይታ በሚቀጥለውም ጊዜ ዝም እንዲሉ ያስተምርዎታል።

በጥያቄ ይጀምሩ። ከስብሰባው በፊት አንድ ጥያቄ ጽፈው ይግቡና በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ይጠይቁ፤ በቆዩ ቁጥር ይከብዳል። ይህ ሲለመድ የሌላውን ሐሳብ በአንድ ምክንያት ይደግፉ፤ ከዚያ የራስዎን ሐሳብ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያቅርቡ፦ ሐሳቡ፣ ምክንያቱ፣ የሚጠይቁት ነገር። ስብሰባ በሌለበት ቀን አንድ ደቂቃ ጮክ ብለው ተናግረው በስልክ ይቅዱ፤ አንዴ ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ያርሙ። ንግግሩን ቃል በቃል አይሸምድዱ፤ አንዷ ቃል ስትጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ሦስት ቁልፍ ቃላት ጽፎ መያዝ ይበቃል። ልብዎ ሲመታ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ።

ሲጨርሱ ያደረጉትን ብቻ ይመዝግቡ፤ «በአምስተኛው ደቂቃ ጠየቅኩ» ማለት በቂ ነው። የሰዎች ፊት እንዴት እንደነበር አይጻፉ፤ የፈራ ሰው ፊት ሲያነብ ይሳሳታል። ፍርሃቱ ለወራት ከሥራ ወይም ከትምህርት የሚያስቀርዎ ከሆነ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ፤ ውጤታማ ሕክምና አለው።

ጥያቄ፦ «ቀኖቹን በስልክ መተግበሪያ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ሲያመልጠኝ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለስና ሁሉንም እተወዋለሁ።»

መልስ፦ አቆጣጠሩን ይቀይሩ። «ከ30 ቀን 26ቱን ሠራሁ» ብለው በወረቀት ይመዝግቡ። ከላይ የጠቀስነው የላሊ ጥናትም አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ግንባታ ያን ያህል እንደማይጎዳ አሳይቷል። ያመለጠዎትን በማግስቱ እጥፍ ሠርተው ለማካካስ አይሞክሩ፤ የተለመደውን መጠን ብቻ ይሥሩ። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ካመለጠዎት መነሻው አልተስማማዎትምና ሰዓቱን ይለውጡ።