ሞላ ስለማስቆረጥ፣ በነጥብ በሚመራው ላይ ስለሚጫን ክብደትና ሌሎች የቱሪንግ ካር ጥያቄዎቻችሁ

ቱሪንግ ካር በሚባለው፣ ለህዝብ የሚሸጡ አይነት መኪኖች ተሻሽለው በሚሮጡበት ውድድር ደንብ ላይ ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስድብ የነበረበትን ደግሞ ስድቡን አውጥቼ ጥያቄውን አስቀርቻለሁ።

ከሰኞ ገበያ አንድ ልጅ፦ ቪትዝ ቲሲአር በሚባለው የቱሪንግ ካር ውድድር ላይ መወዳደር ትችላለች ወይ?

አትችልም። ደንቡ ቢያንስ 4.2 ሜትር የምትረዝም ባለ 4 ወይም ባለ 5 በር መኪና ነው የሚለው፣ የድሮዋ ቪትዝ 3.6 ሜትር አካባቢ ነች።

ከበርበሬ ወንዝ ጓደኛሞች ተከራክረው ነው የጻፉት። ያሸነፈ መኪና ላይ ክብደት ይጭኑበታል አሉ፣ ይሄ ጎበዝን መቅጣት አይደለም ወይ ነው ነገሩ።

እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ። ቱሪንግ ካር የሚታየው እኮ ጎረቤታችን የሚነዳት አይነት መኪና ስለምትሮጥበት ነው፣ አንዱ ፋብሪካ ብር አፍስሶ ሁሉንም ከጠቀለለ ሌሎቹ ጥለው ይሄዳሉ ከዛ ማንም አያይም። የብሪታንያው የቱሪንግ ካር ሻምፒዮና በፈረንጆቹ 2021 የነጥብ መሪውን እስከ 75 ኪሎ ያሸክመው ነበር፣ ሶስት ሩብ ኩንታል ጤፍ ጭነህ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት ሐረጎን ውጣ እንደማለት ነው። በ2022 ሃይብሪድ፣ ማለትም የነዳጁን ሞተር የሚያግዝ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ ሲመጣ ክብደቱ ቀርቶ መሪው የሃይብሪዱን ጉልበት የሚጠቀምበት ጊዜ እንዲቀነስበት ተደረገ፣ በ2025 ደግሞ ሃይብሪዱ ራሱ ወጣ። ቲሲአር ላይ ሁለት ነገር አለ፣ እናንተ የተጣላችሁት እነሱን ቀላቅላችሁ ይመስለኛል። አንዱ የየሞዴሉን ክብደት፣ ከመሬት ያለውን ከፍታና የሞተር ጉልበት እያስተካከሉ ሲቪክና ኤላንትራ እኩል እንዲሮጡ ማድረግ ነው። ሌላው በውጤት ምክንያት የሚጫን ክብደት ነው። የመጀመሪያው ቅጣት አይደለም፣ ሚዛን ነው።

ከፒያሳ፦ ኋላ ላይ ክንፍ ባስገጥም መኪናዬ ይፈጥናል?

አይፈጥንም። ክንፍ መኪናውን ወደ መሬት ተጭኖ ኩርባ ላይ እንዲይዝ ነው የሚያደርገው፣ ያውም በከፍተኛ ፍጥነት፣ ፒያሳ ላይ ከባጃጅ ኋላ በ30 እየሄድክ ምንም አይሰራልህም። በውድድር ግን ክንፍ ትልቅ ጠብ አስነስቷል። በፈረንጆቹ 1994 የጣሊያኑ ፋብሪካ አልፋ ሮሜዮ 155 የምትባለውን መኪናውን ይዞ ብሪታንያው ሻምፒዮና ሲገባ ክንፉ ለህዝብ በሚሸጠው መኪና ላይ ስላለ ህጋዊ ነው አለ፣ ደንቡም 2500 መኪና ተሰርቶ እንዲሸጥ ይጠይቅ ነበር። ተፎካካሪዎቹ አቤት አሉ፣ የአልፋ ቡድን ኦልተን ፓርክ የሚባለው የውድድር ሜዳ ላይ እቃውን ጠቅልሎ ወጣ፣ ከዛ ተመልሶ ሹፌሩ ታርኪኒ ዋንጫውን በላ። በ1995 ክንፍ ለሁሉም ተፈቀደ። በዚሁ ምክንያት ቮልቮም 850 የሚባለውን ያንን እንደ ሳጥን የሆነ ስቴሽን ዋገን ትቶ በሴዳኑ መጣ።

አንድ የኮምቦልቻ አባት ደሴ ሲወጡ መኪናቸው ጉልበት እንደሚያጣ ጽፈው፣ የውድድር መኪናም እንደዛ ይሆን እንደሆነ ጠይቀዋል።

ጋሼ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ አካባቢ ያጣል። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ነው ደሴ 2500 ገደማ፣ ስለዚህ በአየሩ ምክንያት የሚያጡት ከ6 እስከ 7 በመቶ ቢሆን ነው፣ የቀረው ዳገቱ ነው። የቲሲአር መኪና ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ስለሆነ ብዙም አይሰማውም። የእርስዎ ከዚህ በላይ ከደከመ አየር ማጣሪያውንና ካንዴላውን መካኒክ ይይልዎት።

አንድ የደሴ ወጣት በየቀኑ ለስራ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። ኮሮላውን እንደ ቱሪንግ ካር መሬት ሊያስቀምጣት ነው፣ የአራቱንም ጎማ ሞላ ሁለት ሁለት ዙር ሊያስቆርጥ፣ ቸርኬውን በ17 ሊቀይር፣ "ፍሬኑ ለጊዜው ይበቃኛል" ይላል። የሚጠይቀኝ የት ጋራዥ እንደሚያስቆርጥ ነው።

የትም። ወንድሜ ይሄን ቀስ ብለህ አንብብልኝ።

የውድድር መኪና ዝቅ ያለችው ሞላዋ ተቆርጦ አይደለም፣ ሞላና አሞርዛተሩ አብረው ተለክተው ስለተሰሩ ነው። ከፍታዋም በደንብ የተወሰነ ነው፣ ይለካል፣ ከተፈቀደው ዝቅ ብላ ከተገኘች ውጤቷ ይሰረዛል። ደግሞ የምትሮጠው እንደ ጠረጴዛ በተስተካከለ አስፋልት ላይ ነው። አንተ የቆረጥከው ሞላ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ከመቀመጫው ይላቀቃል፣ ሲመለስ የት እንደሚያርፍ አታውቅም፣ አሞርዛተሩም መተጣጠፊያ ስለሚያጥረው ሲጋጭ ይከርማል።

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ "ፍሬኑ ለጊዜው ይበቃኛል" ያልከው ነው። በቅርቡ ሐረጎን ወርደን እንደጨረስን አንድ ሚኒባስ ጥጉን ይዞ ቆሞ አየሁ። ከፊት ጎማው ጭስ ይወጣል፣ ያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል፣ ረዳቱ በሃይላንድ ውሃ ይደፋበታል ቸስ እያለ ይተናል፣ ዲስኩ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ሆኗል። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጠው ምንም ሳይገፋው ወለሉ ጋ ይደርሳል። ሰው አልተጎዳም፣ አልሀምዱሊላህ። የጋለ ብረት ላይ ውሃ መድፋት ግን ዲስኩን ያጣምመዋል፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል።

ምን ሆኖ መሰለህ፣ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ እግርህ የሚገፋው እሱን እንጂ ፍሬኑን አይደለም። የውድድር ቡድኖች ዘይቱን ቶሎ ቶሎ የሚቀይሩት፣ ለዲስኩም ንፋስ የሚያመጣ ቱቦ የሚዘረጉት ለዚህ ነው። አንተ ትልልቅ ቸርኬ ጨምረህ፣ የቆየ ዘይት ይዘህ፣ ያንን ሁሉ ኩርባ በየቀኑ ልትወርድ ነው። ያ ቁልቁለት ሰው በልቷል።

እኔ በጽሁፍ መኪናህን ማየት አልችልም። ጎማውን አውልቆ የሸራውን ውፍረት የሚለካ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚጠይቅህ መካኒክ ጋ ሂድ፣ ነገ ጠዋት ሳትወርድ ብትሄድ ደስ ይለኛል። ስትወርድም በከባድ ማርሽ ያዛት፣ በፍሪ አትልቀቃት። ለሞላ ያዘጋጀኸውን ብር መጀመሪያ ለፍሬን አድርገው፣ ከዛ አሁንም ዝቅ ላድርግ ካልክ ለመኪናህ ተብሎ የተሰራ ሞላ ከነአሞርዛተሩ ግዛ። ያኔ ጻፍልኝ፣ ስለሱ በደስታ እናወራለን።

አንድ ሹፌር፦ የውድድር መኪና ጎማ ሊሾ ነው፣ ታዲያ የኔን ሊሾ ትራፊክ ለምን ይቀጣኛል?

የእነሱ ሊሾ ሆኖ የተሰራ ለስላሳ ጎማ ነው፣ ሲሞቅ መሬቱን እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወዲያው ባለ ጥርስ ይቀይራሉ። ያንተ ጥርሱ ያለቀ ነው፣ ውሃውን የሚያስወጣበት ቦታ የለውም። ሐምሌ ሳይገባ ቀይረው።