በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር

ጥያቄ፦

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እኔና ባለቤቴ የደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪዎች ነን። እኔ ለሠላሳ አራት ዓመት በመምህርነት አገልግዬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ በሒሳብ ሠራተኛነት ኖረው ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድመው ተሰናብተዋል። ባለፈው ዓመት እንግሊዝ ወደምትኖረው ልጃችን ሄደን፣ ሱመርሴት በሚባለው አውራጃ በምትገኝ አነስተኛ መንደር ሦስት ወር ሰነበትን። ከልጃችን ጋር አጥር የሚጋሩት ባልና ሚስት ሁለቱም ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። በወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር ግን ባዶ ቦታ አልነበረውም፤ ሰኞ የአትክልት ቦታ፣ ማክሰኞ የሴቶች ማኅበር፣ ረቡዕ ማታ የቤተ ክርስቲያን ደወል ልምምድ፣ ሐሙስ የእግር ጉዞ፣ ዓርብ በመንደሩ ሱቅ የበጎ ፈቃድ ሥራ እየተባለ ይቀጥላል። ቡና እንጠጣ ብለን ብንጋብዛቸው የተገኙልን በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። እኛ ከተመለስን ወዲህ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ይምታታብናል። ባለቤቴ ከሬዲዮው አጠገብ አይነሡም፤ እኔም ምን እንደምሠራ ጠፍቶኝ አንዱን ድስት ሁለት ጊዜ አጥባለሁ። ይህን ባነሣሁ ቁጥር «የእነሱ በገንዘባቸው ነው፤ ደግሞስ ባልና ሚስት ሆኖ በየፊናው መዋል ምን የሚሉት ትዳር ነው?» ይሉኛል። እውን ነገሩ የገንዘብ ነውን? እኛስ እዚህ ከምን እንጀምር? በመጨረሻም እኒያ ጎረቤታችን ያስተማሩኝን ማርማላታ እዚህ በኮክ ብሠራው እንደ ከረሜላ ደርቆ ማንኪያ አጣመመብኝ፤ ምክንያቱን ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የባለቤትዎን የገንዘብ ሙግት አስቀድመን ብናነሣው ይሻላል፤ ከፊሉ እውነት ነውና። በእንግሊዝ ሙሉ የመንግሥት ጡረታ የሚያገኘው የ35 ዓመት መዋጮ ያለው ሰው ሲሆን፣ ከ10 ዓመት በታች ያዋጣ ሰው ግን እንደ እኛው አገር የዘወትር አበል አይከፈለውም። የጡረታ ዕድሜውም ከእኛው 60 ከፍ ብሎ 66 ዓመት ደርሷል፤ ወደ 67ም እየተሸጋገረ ነው። የቤት ዕዳቸውን ከፍለው የጨረሱና ከቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ተጨማሪ ጡረታ ያላቸው ባልና ሚስት ከሆኑ፣ ኑሯቸው ከደብረ ብርሃን ጡረተኛ ኑሮ ጋር አይወዳደርም። ይሁን እንጂ እርስዎ ከካላንደሩ ላይ የዘረዘሩልንን አንድ በአንድ ብናየው፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላገኘንበትም። የአትክልት ቦታው እ.ኤ.አ. በ1908 በወጣ ሕግ መሠረት የአካባቢ ምክር ቤቶች ለነዋሪው በዓመት ኪራይ የሚያቀርቡት መሬት ሳይሆን አይቀርም፤ የተለመደው ስፋቱ 250 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ድንችና ሽንኩርት፣ እንደ እኛም ባቄላ ይተከልበታል። የእግር ጉዞው ነጻ ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ሕዝብ የማለፍ መብት ያለው የእግር መንገድ፣ በባለርስቱ ማሳ መካከል የሚያልፈው ጭምር፣ ከ200,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። አውቶቡሱም የጡረታ ዕድሜ ለደረሰ ሰው ነጻ ነው፤ በሥራ ቀናት መታወቂያው የሚያገለግለው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ በመሆኑ፣ ለጡረተኞች የሚሆን ስብሰባ ማለዳ ላይ ሲጠራ እምብዛም አይታይም።

እኔ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የረቡዕ ማታው ደወል ነው። ከዓመታት በፊት በዚያው አገር በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ወጥቼ ልምምዱን ለማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። ደወሉ በትልቅ መንኰራኵር ላይ ታስሮ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ገመዱ ከጣራው ወደ ታች ይወርድና፣ ደዋዩ በሚይዘው በኩል ክንድ የሚያህለው ክፍል ጥቅጥቅ ባለ ባለቀለም ሱፍ ተሸፍኗል። የመንዝ ተወላጅ ስለሆንሁ ዓይኔ ደወሉን ትቶ ሱፉ ላይ ቀረ፤ ቆሜ እንደ ገበያ ሰው ስዳብሰው አንዲት ሽማግሌ ሴት «ገመዱን ሳያስተምሩህ እንዳትስብ፣ ወደ ላይ ይዞህ ይሄዳል» ብለው መለሱኝ። ስድስት ደወል ካለ ስድስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ሰው አንዱን ደወል ይዞ፣ ቅደም ተከተሉን በየዙሩ እየለዋወጡ ይደውላሉ። የስድስት ደወል ቅደም ተከተል 720 ዓይነት ሲሆን፣ የስምንቱ ግን 40,320 ይደርሳል፤ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1963 በላፍበራ ከተማ ስምንት ሰዎች ሳይቀያየሩ 18 ሰዓት ያህል ቆመው ደውለው ጨርሰውታል። እንዲህ ያለው ትጋት ለእኔ ከጾመኞቻችን ስግደት ጋር ሳይቀራረብ አይቀርም፤ ከደዋዮቹ መካከል እሑድ እሑድ ከቅዳሴው ቀድመው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መኖራቸውን እስክሰማ ድረስ ነው እንጂ።

ከዚህ ሁሉ የእርስዎን ጥያቄ የሚመለከተው ግን አንድ ነገር ነው፤ ስድስተኛው ሰው ከቀረ አምስቱ የተለማመዱትን መደወል አይችሉም፤ ስለዚህም ስልክ ይደወልለታል፤ «ምነው፣ አሞሃል?» ይባላል። የጎረቤቶችዎ ካላንደር የሞላው ሥራ ስለበዛባቸው ነው ብዬ አላምንም፤ በእያንዳንዱ ቀን አንድ የሚጠብቃቸው ሰው ስላለ ነው። የመንደሩ ሱቅም እንዲሁ ነው፤ የዓርቡ ተረኛ ከቀረ ሱቁ ተዘግቶ ይውላል። ጡረታ የሚያጎድለው ደመወዙን ብቻ አይደለም፤ የሰዓት ፊርማውንም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚፈልገን ሰው ነበረ፣ አንድ ቀን ማለዳ ላይ ግን ማንም አይፈልገንም።

እንግሊዞቹም ይህን የተማሩት ተቸግረው ነው። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄደዋል፤ በብዙ መንደሮች አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ያልፋል፤ ጎረቤት ሳይጠራ ጎረቤት ቤት አይገባም። ብቸኝነት እዚያ ቀልድ ባለመሆኑ መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር እስከ መሰየም ደርሷል። የሴቶች ማኅበሩ መጀመሪያ በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1897 የተመሠረተ ሲሆን፣ ወደ ብሪታንያ የገባው በ1915፣ በጦርነቱ ጊዜ የገጠር ሴቶች ምግብ በማምረት እንዲያግዙ ታስቦ ነው። ጡረተኞች ራሳቸው ተሰባስበው እርስ በርስ የሚማማሩበት «የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ» የሚባለው ደግሞ በፈረንሳይዋ ቱሉዝ በ1973 ተጀምሮ በ1982 ብሪታንያ ደረሰ፤ ፈተና የለበትም፣ ዲግሪ አይሰጥበትም፤ የዛሬው ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

በየፊና ስለመዋሉ ባለቤትዎ ያሉት ግን ያስማማናል ለማለት ይቸግረኛል። በሰሜን ሸዋ እናቶቻችን የማርያምን ማኅበር፣ አባቶቻችን የሚካኤልን ጽዋ ለየብቻ ሲጠጡ ኖረዋል፤ ትዳራቸው በዚህ ምክንያት ፈረሰ ሲባል አልሰማሁም፤ እንዲያውም ማታ እሳት ዳር የሚያወሩት ያገኙ የነበረው ከዚያ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ሬዲዮ ሲሰሙ ከዋሉ ማታ ምን ይጨዋወታሉ?

ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስና፣ የእኛ ሰው መቀጣጠሪያ አጥቶ አያውቅም። የእኛ ቀጠሮ ግን በወር የተተከለ ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በወሩ መጨረሻ እድር። በእነዚህ መካከል ያሉት ቀናት ለሠራተኛ ሰው ዕረፍት ነበሩ፤ ለጡረተኛ ግን ሜዳ ናቸው። ስለዚህ የጎረቤቶችዎን ካላንደር ሙሉውን አምጥተው ከግድግዳዎ ላይ ለመስቀል አይድከሙ፤ ሁለት ቀን ብቻ ይያዙ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ይሁን፤ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ ሰው አምስት ልጆች ቢሰበስብ ወንበር ከየቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ዋናው ነገር ክፍያ ቢኖርም ባይኖርም ቀኑ አለመለወጡ ነው፤ ቢያምዎት እንኳ ልጆቹ በር እንዲያንኳኩ ይሁን። ለባለቤትዎ ደግሞ ማክሰኞን እንስጣቸው። የሒሳብ ሰው ናቸው፤ የእድሩ መዝገብ ሁልጊዜ ሥራ በያዘ ሰው እጅ ወድቆ ስለሚንጓተት፣ ሊቀ መንበሩ ራሱ መጥቶ «እርስዎ ያግዙን» እንዲላቸው ቢያደርጉ መልካም ነው። እርስዎ ከሚመክሯቸው ይልቅ ሰው ሲፈልጋቸው ቶሎ እንደሚነሡ እገምታለሁ፤ ይህን ግን ለእሳቸው አያንብቡላቸው። በተራ መጠራትም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር 400 ዓመት ለሚያህል ጊዜ ጠብቆ ያቆየው በተራና በደንብ ነው። ሁለታችሁ የምትጋሩት ቀን ካስፈለገ ቅዳሜ ረፋድ፣ ውርጩ ከለቀቀ በኋላ፣ አንድ ሰዓት በእግር መሄድ ይበቃል።

ስለ ማርማላታው፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የከተማው ከፍታ ነው። ጎረቤትዎ በቴርሞሜትር እስከ 105 ዲግሪ አድርሰው እንደሚያወርዱት እገምታለሁ፤ እሱ ለባሕር ጠለል የሚሆን ልክ ነው። በ300 ሜትር ከፍታ የውኃ መፍያ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ብርሃን ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ማርማላታ የሚረጋው ከውኃው መፍያ አራት ወይም አምስት ዲግሪ ከፍ ሲል ነውና፣ እርስዎ ዘንድ 95 ወይም 96 ሲደርስ ማውረድ አለብዎት፤ 105ን ሲጠብቁ ውኃው ሁሉ ተንኖ የቀረዎት ስኳር ነው። ኮክ ደግሞ በራሱ ቶሎ ስለማይረጋ ለአንድ ኪሎ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ይጨምሩበት። ቴርሞሜትሩንም ቢተዉት ይቻላል፤ አንድ ጠብታ በቀዘቀዘ ሳሕን ላይ አድርገው በጣትዎ ገፋ ሲያደርጉት ቆዳው ከተጨማደደ ደርሷል ማለት ነው። እንግሊዞቹ ለዚህ ሳሕኑን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከታሉ፤ እርስዎ በኅዳር ማለዳ መስኮቱ ላይ ቢያስቀምጡት ይበቃዎታል።