ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ሙዚቃ ማስተማር ይችላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። ወንድምሽ 12ኛ ክፍል ጨርሷል፤ ቸርች ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል፤ የሙዚቃ መምህር መሆን ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ «ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ለክፍል ይበቃዋል ወይ?» ብለሻል። እኔ ሙዚቃ ተምሬ እዚሁ ሐዋሳ አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለመጫወት ይበቃዋል። ለማስተማር ግን ብዙውን ራሱ እየፈለገ መሙላት ይኖርበታል።

እኛ ስንማር ዋና መሣሪያ ነበረን፤ ፒያኖ፣ ኖታ ንባብ፣ ሶልፌጅ (ኖታን እያዩ በድምፅ ማዜም)፣ ሃርመኒ (ድምፆችን አጣምሮ ማሰማት)፣ የሙዚቃ ታሪክ ነበረ። አንድ የባህል መሣሪያም ምረጡ ተባልን። እኔ ፊቴን አጨማድጄ ክራር ያዝኩ። ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው። የማስተማር ዘዴ የሚባለው መጨረሻ ላይ መጣ፤ አንድ ኮርስ፣ ከዚያ ጥቂት ሳምንት ፕራክቲከም፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሄዶ ማስተማርን መለማመድ። አለቀ።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገርሽ። ሦስተኛ ክፍል፣ 68 ልጅ። ኪቦርዴን ተሸክሜ ገባሁ፤ መብራት የለም። እሺ፣ በድምፄ ላስተምር አልኩና ዘፈንኩላቸው። ልጆቹ ሲከተሉኝ ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ። ከኋላ ያሉት ጭራሽ ዝም አሉ። ጆሮ የላቸውም ብዬ ተናደድኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። የአዋቂ ወንድ ድምፅ ከልጅ ድምፅ አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ያህል ይወርዳል። ልጅ ደግሞ መምህሩን መምሰል ይፈልጋል። እኔን ፍለጋ ወደ ታች ሲወርዱ ድምፃቸው አለቀ። በፒያኖ መሃል ካለው ዶ ቀጥሎ ካለው ሬ እስከ ላ ድረስ ቢሆን በደንብ ይመቻቸው ነበር። አሁን መነሻውን በክራር እሰጣለሁ፣ ወይ ድምፅዋ የጠራ አንዲት ልጅ ታወጣልኛለች። አራት ዓመት ስማር ይህን የነገረኝ ሰው የለም።

ምትም እንደዚያው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኖታ ጽፌ ሩብና ስምንተኛ ብዬ ሳብራራ ልጆቹ ያዛጉ ነበር። ሃንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ ያስፋፋው አካሄድ አንዱን ምት «ታ»፣ ለሁለት የተከፈለውን «ቲ-ቲ» ይለዋል። እኔ ሻይና ቡና አደረግኩት። «ሻይ» አንድ ጭብጨባ፤ «ቡ-ና» በአንድ ጭብጨባ ሁለት ድምፅ። ሻይ፣ ሻይ፣ ቡና፣ ሻይ! በአሥር ደቂቃ ያዙት። ኖታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። (ርእሰ መምህሩ በመስኮት አይቶ «ካፌ ከፈትክ?» ብሎኛል።)

አሁን የሚያስቆጨኝን ልንገርሽ። ካርል ኦርፍ የሚባል ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበረ። በእሱ አካሄድ ልጆች ሲጀምሩ በዱላ ከሚመቱት መሣሪያቸው ላይ ፋ እና ሲ የሚያሰሙት ቁራጮች ይነሱላቸዋል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይቀራል። ግማሽ ድምፅ (እጅግ የተጠጋጉ ሁለት ድምፆች) ስለሌለ ልጁ የትኛውንም ቢመታ ከጎኑ ካለው ጋር አይጋጭም። ያ እኮ የእኛ ሜጀር ትዝታ ቅኝት ነው! እኛ ትዝታን በክራር ክፍል፣ ኦርፍን በማስተማር ዘዴ ክፍል ተማርን፤ ሁለቱን ያገናኘልን የለም። ወንድምሽ ክራር በትዝታ ቃኝቶ ይግባ። አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ይቆዩ፤ ግማሽ ድምፆቻቸው ለጀማሪ ልጅ ይከብዳሉ።

ሌላው፣ ዘፈኑን ሁሉ ከመጽሐፍ አይጠብቅ። ሐዋሳ ክፍል ውስጥ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው አብሮ ነው የሚቀመጠው። «ከቤታችሁ አንድ ዜማ አምጡ» ብሎ ይጠይቃቸው። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ቃል ያልወጣው ልጅ ነበረኝ። የሲዳማ አዲስ ዓመት በዓል ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ቄጣላ የሚባለውን የበዓሉን ጭፈራ ዜማ አወጣ። እሱ ሲያወጣ ክፍሉ ይቀበላል፤ በዓሉ ከሚከበርበት አደባባይ ከጉዱማሌ የተመለሱ ይመስሉ ነበር። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ እንደመዘገበው ያወቁት ከዚያ በኋላ ነው። መቀባበልን እኔ ማስተማር አላስፈለገኝም።

ሌላም አለ፣ ቶሎ ልበለው። አንደኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ «ክወናና እይታዊ ጥበባት» ነው፤ ስዕልም ቴአትርም ይጠብቀዋል። ደግሞ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ሲወሰድ ያያል። እኔ መጀመሪያ እጣላ ነበር፤ አሁን በምትኩ ሌላ ቀን እንዲሰጠኝ ደብተር ላይ አስፈርማለሁ።

የት ይማር ላልሽው፣ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ የመግቢያ ፈተናው ላይ መጫወት አለበት፤ ከአሁኑ ይለማመድ። የትም ቢገባ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየእረፍቱ አንድ ትምህርት ቤት ሄዶ ከኋላ ይቀመጥ። ፕራክቲከም እስኪደርስ አይጠብቅ። ሐዋሳ ካላችሁ ወደ እኔ ክፍል ይምጣ፤ ርእሰ መምህሩን እኔ አስፈቅዳለሁ። ኪቦርዱን ግን ቤት ትቶት ይምጣ።